ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ማረፊያው ይታወቅ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጎንደር ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። በቅርቡ ጊምባል፣ ያ ካሜራ የሚያረጋጋው እጀታ፣ ገዛሁ። ሥራዬ ይሻሻላል ስል ጭራሽ ባሰበት። አንዲት ደንበኛ ቪዲዮውን አይታ ራሴን አዞረኝ አለችኝ። አብሬው የሠራሁ አዘጋጅ ደግሞ ካሜራህ ዝም ብሎ ይንከራተታል አለኝ። ካሜራ መቼ ነው የሚንቀሳቀሰው? እንዴትስ ነው? ከፊቴ ፋሲል ግቢ የሚቀረጽ ሰርግ አለ። ጥምቀትንም ለመቅረጽ አስቤያለሁ። ስላይደርስ፣ ካሜራ የሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ ልግዛ ወይ?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጊምባሉን አትውቀሰው። የእሱ ሥራ የእጅህን መንቀጥቀጥ መቀነስ ነው። ወዴት እንደምትሄድ አይነግርህም። በትራይፖድ ስትቀርጽ ካሜራውን ከቦታው ማንሳት አድካሚ ስለነበር ሳታስብበት አታነሳውም ነበር። አሁን ቀለለህ። ስለቀለለህም ሁሉም ሾት ላይ ትሄዳለህ፣ ትዞራለህ፣ ትወርዳለህ፣ ትወጣለህ። የደንበኛህን ራስ ያዞረው ይሄ ነው።

ብዙ ሰው «ምክንያት ከሌለህ ካሜራ አታንቀሳቅስ» ብሎ ይመክራል። ልክ ነው። ግን ሚዜው እየጎተተህ፣ ዲጄው እያንባረቀ፣ የሙሽራዋ አክስት «እኔንም አንሳኝ» እያሉህ ስለ ምክንያት ቆመህ አትፈላሰፍም። እኔ የምልህ ከዚህ ይቀላል። ካሜራው የሚቆምበትን ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል፣ አስቀድመህ ፈልግ። ሂድና እዚያ ቁም። ፍሬሙን አስተካክል፣ ፎከሱን እይ፣ ብርሃኑን እይ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰህ መነሻውን ምረጥ። ማረፊያ ካላገኘህ አትነሳ። ቆመህ ቅረጽ። የቆመ ሾት ማንንም አሳፍሮ አያውቅም።

ይሄን ፋሲል ግቢ ላይ ላሳይህ፣ ምክንያቱም አብዛኛው የሰርግ ካሜራማን እዚያ ሲደርስ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያደርገው። የአፄ ፋሲል ግንብ 32 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሙሽሮቹ ከፊቱ ይቆማሉ። ካሜራማኑ ከቬሎው ጫፍ ይነሳል። ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ፊታቸው ያልፋል፣ በሩ ያልፋል፣ መስኮቱ ያልፋል፣ የማዕዘኑ ማማ ጉልላት ይመጣል፣ ከዚያ ሰማይ። አለቀ። የዚህ ሾት ማረፊያ ሰማይ ነው። ሙሽሮቹን መሬት ላይ ጥሏቸው ሄደ። በዚያ ላይ ሰፊ ሌንስ (ብዙ ቦታ የሚያስገባ) ከሆነ፣ ካሜራው ቀና ባለ ቁጥር ግንቡ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል።

ገልብጠው። ከጉልላቱ ጀምር። አራት ሰከንድ ያህል እዚያው ቆይ፤ ተመልካቹ «እ፣ ጎንደር ነው» ይበል። ከዚያ ውረድ። ድንጋዩን ተከትለህ ውረድና ሙሽሮቹ ላይ አርፍ። አሁን ሾቱ የሚያልቀው ሰው ላይ ነው። አንድ ነገር ጨምርበት። ሚዜውን ከጎንህ አቁመውና ካሜራው መስኮቱ ጋ ሲደርስ «አሁን» ብሎ ምልክት እንዲሰጣቸው አድርግ። ሙሽሪት ያኔ ፊቷን ወደ ሙሽራው ማዞር ትጀምር። ካሜራው ሲደርስ እሷ ግማሽ ዞራለች፤ ካሜራው ሲቆም አይን ለአይን ይተያያሉ። እንቅስቃሴው የሚጠብቀው ነገር አገኘ ማለት ነው። ካረፍክ በኋላ ቶሎ «በቃ» አትበል። አራት አምስት ሰከንድ ዝም ብለህ ያዝ። ከልብ የሆነው ፈገግታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሙሽሮቹ ሾቱ ያለቀ ሲመስላቸው ነው።

ቀጥሎ መቅረብን እንይ። ዙም ማድረግና በእግር ሄዶ መቅረብ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በፍጹም አንድ አይደሉም። ሙሽሮቹ ካንተ 4 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው እንበል። ግንቡ ደግሞ ከእነሱ ጀርባ በ40 ሜትር ርቀት ላይ። ወደ 2 ሜትር ብትቀርብ ሙሽሮቹ በእጥፍ ያድጋሉ። ግንቡ ግን ከአንተ 44 ሜትር የነበረው 42 ሜትር ሆነ፤ ለውጡ በአይን አይታይም። ስለዚህ ሰዎቹ ከግንቡ ተለይተው ወደ ተመልካቹ ይመጣሉ። በዙም እጥፍ ብታደርገው ግን ሁለቱም እኩል ያድጋሉ። ከግንቡ ጋር እንደተጣበቁ ይቀራሉ። የሰውን ስሜት ማቅረብ ስትፈልግ በእግርህ ሂድ። ግንቡ ከጀርባቸው ገዝፎ እንዲታይ ስትፈልግ ራቅ በልና ረጅም ሌንስ (ሩቁን የሚያቀርብ) ተጠቀም፣ ካሜራውንም አታንቀሳቅሰው። በቀረጻ መሃል ዙም መጫን ግን በሰርግ ቪዲዮ ላይ ባይለመድ ደስ ይለኛል። ይሄ የግል ጥላቻዬ ነው፣ ልትተወው ትችላለህ።

ሄዶ መቅረብ ውበቱ የሚወጣው አጠገብህ የሚያልፍ ነገር ሲኖር ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ሦስት እርምጃ ብትሄድ መሄድህ ብዙም አይታወቅም። በቅስት በር ውስጥ ብታልፍ ግን የበሩ ድንጋይ ከፍሬሙ ግራና ቀኝ እየሰፋ ይወጣል፣ ውስጡ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ለዚህ ፋሲል ግቢ የተሠራልህ ነው። 900 ሜትር በሚሆነው አጥር ውስጥ የፋሲል ግንብ ብቻ አይደለም ያለው። የቀዳማዊ ኢያሱ አለ፣ የአፄ በካፋ አለ፣ የእቴጌ ምንትዋብ አለ። ሁሉም በርና ቅስት ሞልቶታል። ከበሩ ውጭ ሁለት ሜትር ርቀህ ጀምር። ቅስቱ ፍሬሙን ይክበበው። ቀስ ብለህ ግባ። ሙሽሮቹ ከውስጥ ብርሃን ያለበት ላይ ይቁሙ። ማረፊያህ እነሱ ናቸው፣ መንገድህ ድንጋዩ ነው። ግን ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) ማረፊያው ላይ ለክተህ ቆልፈው። አውቶማቲክ ከተውከው ከጨለማ ወደ ብርሃን ስትገባ ምስሉ መጀመሪያ ነጭ ይሆንና ከዚያ ይጨልማል። ያ ሽቅብ ቁልቁል ሾቱን ያበላሸዋል። በስልክ የምትቀርጽ ከሆነም ስክሪኑን ረዘም አድርገህ ተጭነህ መቆለፍ ትችላለህ።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። ዙሪያውን መዞር። ሙሽሮቹ መሃል ይቆማሉ፣ ካሜራማኑ በጊምባል ይዞራቸዋል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ስትዞር ከጀርባ ያለው ነገር ሁሉ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሮጣል። ከሙሽሮቹ ይልቅ የሚንቀሳቀሰው እሱ ስለሆነ አይን እሱን ይከተላል። መኪናው፣ ባጃጁ፣ የቆመው አጃቢ፣ ባልዲ የያዘችው ልጅ፣ ሁሉም በየተራ ይገባሉ። ፀሐይ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ትሆናለች። የራስህ ጥላም ቬሎው ላይ ይወድቃል። ሙሉ ዙሩን ተወው። ሩቡ ይበቃሃል። ከሙሽራው ትከሻ ጀርባ ተነስ፤ ትከሻው ግማሹን ፍሬም ይሸፍነው። በቀስታ ወደ ጎን ስትሄድ ትከሻው ይለቅና የሙሽሪት ፊት ይገለጣል። እዚያ አርፍ። ያው መዞር ነው፤ ግን አሁን የተደበቀ ነገር ገለጠ።

ፓን ላይ፣ ማለትም ካሜራውን ባለበት ወደ ጎን ማዞር ላይ፣ ደግሞ ሰው የሚያጠፋው ፍጥነት ነው። በሰከንድ 24 ወይም 25 ፍሬም (እዚህ ላይ ፍሬም ማለት ቪዲዮው የተሠራበት አንዱ ምስል ነው) ስትቀርጽ፣ አንድ ነገር ከፍሬሙ አንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው እስኪወጣ 7 ሰከንድ ገደማ መውሰድ አለበት ይባላል። ይሄ የቆየ የሲኒማ ልማድ ነው፤ ሠርቶም ታይቷል። ከዚያ ሲፈጥን ምስሉ ይቆራረጣል፣ አይን ይደክማል። ከከተማው በላይ ጎሃ ሆቴል ካለበት ኮረብታ ላይ ጎንደርን ስትቃኝ ይሄን ሞክረው፤ ሰባት ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ትገረማለህ። አለዚያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አፍጥነው፣ ምስሉ ሁሉ ተድበስብሶ እንዲያልፍና ሌላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ። መካከለኛው ፍጥነት ነው መርዙ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዙ ካሜራዎች ምስሉን መስመር በመስመር ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ግንብ ላይ በፍጥነት ፓን ስታደርግ ቀጥ ያሉት ማማዎች ያዘነብላሉ።

የፓን ጥሩ ትምህርት ቤት ግን ግንቡ አይደለም። አዝማሪ ቤት ነው። ጎንደር ተቀምጠህ ይሄን ካልተጠቀምክበት ያሳዝናል። ካሜራህን ይዘህ ጥግ ላይ ቁጭ በል፣ አስፈቅደህ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ነው። አንድ እንግዳ ብድግ ብሎ «ተቀበል» ይላል። ካሜራህ እንግዳው ላይ ነው። እንግዳው ግጥሙን ይሰጣል። አሁን ቤቱ ሁሉ ወደ ማን ያያል? ወደ አዝማሪው። ተመልካቹም ወደዚያ መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ የግጥሙ የመጨረሻ ቃል ከማለቁ ትንሽ ቀደም ብለህ ተነስ፣ አዝማሪው አፉን ሲከፍት እሱ ላይ አርፍ። እሱ ግጥሙን ሲደግመው እዚያው ቆይ። ግጥሙ የነካው ሰውዬ አለ፣ ሁሌም አንድ አለ። ሳቁ ሲፈነዳ ወደ እሱ ሂድ። ሦስት ማረፊያ፣ ሁለት ጉዞ፣ ሁሉም በጆሮ የተመራ። እንዲህ ያለውን ፓን ማንም ተመልካች አያስተውለውም፤ ራሱ ዞሮ ያየ ነው የሚመስለው። ቀድመህ ከሄድክ አዝማሪው ዝም ብሎ ታገኘዋለህ፤ ከዘገየህ ግማሹ ግጥም አምልጦሃል። ልምምዱ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ አያስፈልግህም።

ከዚያው ሳልወጣ ስለ እስክስታ። እስክስታ ሲቀረጽ ካሜራውም አብሮ የሚጨፍርበትን ቪዲዮ ሳይ እበሽቃለሁ። የእስክስታ ጥበቡ ያለው ትከሻ ላይ ነው፣ ደረት ላይ ነው፣ አንገት ላይ ነው። እንቅስቃሴው ትንሽና ፈጣን ነው። ካሜራው ራሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ተመልካቹ የትኛው ትከሻ፣ የትኛው ካሜራ እንደሆነ አይለይም። ከወገብ በላይ ያዝ፣ ከራስ በላይ ትንሽ ቦታ ተው፣ አትንቀሳቀስ። ጨፋሪዎቹ ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም በአንድ ፍሬም አስገባቸው፤ አንዱ ሲያወርድ ሌላው የሚሰጠውን መልስ አብረን እንይ። ባጠቃላይ የምከተለው ነገር ይሄ ነው፦ ሰውየው ብዙ ሲንቀሳቀስ ካሜራዬን አቆማለሁ፤ ሰውየው ሲቆም እኔ እሄዳለሁ። ሰልፍና አጀብ ሲሆን ብቻ አብሬ እሄዳለሁ።

ሰውየው የሚቆምበት የሰርግ ጊዜ የቱ ነው? ጉልበት መሳም። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የአባትን ጉልበት ይስማሉ። አባት ይመርቃሉ። ማንም የትም አይሄድም። ለዚህ ቀስ ብሎ መቅረብ የመሰለ የለም። ግን ወደ ማን ነው የምትቀርበው? አብዛኛው ወደ ሙሽሮቹ ይሄዳል፤ እነሱ ግን አጎንብሰዋል፣ የሚታየው ጀርባቸውና ፀጉራቸው ነው። ፊት ያለው አባት ጋ ነው። ምርቃቱ ሲጀመር ሦስቱንም የያዘ ፍሬም ላይ ቁም። ከዚያ «አሜን» በተባለ ቁጥር ግማሽ እርምጃ ወደ አባት ቅረብ። ሙሽሮቹ በፍሬሙ ታች ቀስ እያሉ ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ የአባት ፊትና ጭንቅላት ላይ ያረፈ እጃቸው ብቻ ይቀራል። እናት አጠገባቸው እንባ እየጠረጉ ከሆነ ደግሞ ዕቅድህን ጣለውና ወደ እሳቸው ሂድ። ሰፊ ሌንስ ይዘህ በሰው አፍንጫ ስር ግን አትግባ። አባት ምርቃታቸውን ረስተው አንተን ማየት ከጀመሩ በጣም ቀርበሃል።

ስለ ጊምባሉ አያያዝ ጥቂት ልበል፣ ጥያቄህ ውስጥ ባይኖርም ችግርህ ግማሹ እዚህ ሊሆን ይችላል። ጊምባል ሦስት ሞተር አለው። ወደ ላይና ታች ማጋደልን፣ ወደ ጎን መዘንበልን፣ ግራና ቀኝ መዞርን ያስተካክላል። ስትራመድ ሙሉ ሰውነትህ ከፍ ዝቅ የሚለውን ግን አያስቀርም። ቪዲዮህ ላይ ያ የመርከብ ዓይነት መናወጥ ካለ ከእግርህ ነው የመጣው። ጉልበትህን ለስለስ አድርገህ እጠፍ። እርምጃህን አሳጥር። ተረከዝህን አስቀድመህ ቀስ ብለህ ወደ ጣትህ ተንከባለል። በሲኒ የተሞላ ረከቦት ይዘህ በሰው መሃል የምታልፍ አድርገህ አስበው። ጎንደር ደግሞ አቀበትና ቁልቁለት፣ ኮብልስቶንም ሞልቷታል፤ ስለዚህ ጫማህ ላይ አስብበት፣ ሶሉ ለስላሳና ጠፍጣፋ ይሁን። ሰፊ ሌንስ ተጠቀም። በረጅም ሌንስ ትንሿ መናወጥ ትጎላለች።

ሞተሩን ከማብራትህ በፊት ካሜራውን በደንብ ሚዛን አስይዘው። ጠፍቶ እያለ ካሜራውን ወዴትም ብታዘነብለው ባስቀመጥክበት መቆም አለበት። አልቆም ካለ ሞተሩ በጉልበት ነው የሚይዘው ማለት ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ባትሪም ይጨርሳል። የመከተል ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው፣ የእጅህን ትንሽ መዞር ሁሉ እንዳይከተል። ካሜራህ የራሱ የውስጥ ማረጋጊያ ካለውና ሰፊ ሌንስ ከሆነ አጥፍተህ ሞክረው። ሁለቱ ሲጣሉ የፍሬሙ ጠርዝ ይወላገዳል።

ሻተርም፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ አለ። ይሄ ጉዳይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። እንቅስቃሴ ለስላሳ የሚመስለው እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ትንሽ ድብስብስ ሲኖር ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የምትቀርጽ ከሆነ ሻተርህ 1/50 ሰከንድ ይሁን። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/50 አዳራሽ ውስጥም ይበጅሃል፤ መብራቱ እየተርገበገበ ጥቁር መስመር አያሳይህም። ችግሩ የቀትር ፀሐይ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 አድርገህ፣ በ1/50፣ በጠራራ ፀሐይ ኤፍ 22 ላይ ነው ልኩ የሚመጣው፤ ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 4 ላይ ልቅረጽ ብትል ብርሃኑ 5 ስቶፕ ይበዛል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ሲደርሱ ሻተሩን ወደ 1/1000 ይወስዱታል፤ ያኔ እያንዳንዱ ፍሬም ድብስብሱን አጥቶ ስል ይሆናል፣ ፓኑም መራመዱም ይቆራረጣል። ደንበኛህን ካደከማት ነገር አንዱ ይሄም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ኤንዲ ፊልተር ነው፣ ሌንሱ ፊት የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት። ለኤፍ 4 ኤንዲ 32፣ ለኤፍ 2.8 ኤንዲ 64። ለስሎው ሞሽን በ50 ፍሬም ስትቀርጽ ሻተሩ 1/100 ይሁን፤ ያም ከመብራቱ ጋር ይስማማል።

ወደ ጥምቀት እንምጣ። እዚህ ላይ ጊምባሉን ቤት ብትተወው እመርጣለሁ። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ይወርዳሉ። ሕዝቡ እንደ ጉድ ነው። ክንድህን ዘርግተህ ጊምባል የምትይዝበት ቦታ የለም፤ ሰው ይገፋሃል፣ ሞተሩም ሲገፋ ይደናገጣል። ካሜራውን በእጅህ ያዝ። ማንገቻውን አንገትህ ላይ አድርገህ ወደ ፊት ወጥረው፣ ክርንህን ከጎንህ አጣብቅ። ትንሽ መንቀጥቀጥ ይኖራል። ይኑር። እዚያ መሃል እንደነበርክ የሚያሳየው እሱ ነው።

አንድ ሾት ልስጥህ። በአጀቡ ፊት ወጣቶች ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ ያለውን ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ ሮጠው ፊት ደርሰው ይዘረጉታል። ያለማቋረጥ። አንዱን ምንጣፍ ምረጥ። ሲጠቀለል ጀምር፣ ከልጆቹ ጋር በጎን ሩጥ፣ ሲዘረጋ ካሜራህን ዝቅ አድርገህ ጫፉ ላይ አርፍ። ከዚያ ጠብቅ። የካህናቱ እግር ይመጣል። ማረፊያው ያ ነው። ሩጫህ ይንቀጠቀጥ፣ ግድ የለም፤ የቆምክበት ግን ቀጥ ይበል። አጥብቄ የምነግርህ፣ በታቦቱ ፊት የኋሊት እየሄድክ አትቅረጽ። ነውርም ነው፣ አደጋም ነው፤ አንዱ እግርህ ምንጣፉ ላይ ከተጠላለፈ ተመልሰህ የምትነግረን አይኖርህም። ከጎን ሂድ። ወይም ጭራሽ ቁምና አጀቡ በፊትህ ይለፍ። ጃንጥላው፣ ከበሮው፣ ጽናጽሉ ሁሉ በራሱ እየፈሰሰ ነው፤ የቆመ ካሜራ ፊት ሲያልፍ ወንዝነቱ ይታያል።

ጥር 11 ጠዋት፣ ጸሎቱ አልቆ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ወደ ገንዳው ይዘላል። እዚያ ትራይፖድ። ሰፊ ፍሬም፣ በውሃው መሃል ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ግንብ ይግባ፣ ዘላዮቹ ከጠርዝ ይግቡ። የትኛውንም ዘላይ አትከተል። አንዱን ስትከተል አምስት ያመልጡሃል። ለመሣሪያህ ላስቲክ አዘጋጅ፤ የቀሃ ውሃ ለካሜራ አያዝንም። ያንን ቦታ ሰው በሌለበት ሌላ ቀን ብትመለስበት ደግሞ የአጥሩን ድንጋይ ጨምድደው የያዙት የዛፍ ሥሮች አሉልህ። በሥሮቹ አጠገብ ቀስ ብለህ በጎን ተራመድ፤ ሥሩ ከፊት እያለፈ ግንቡ ከኋላ ይገለጣል። ጎንደር ላይ ለጎን እንቅስቃሴ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ድሮን ካሰብክ፣ ያለ ፈቃድ አታስነሳ። ጣጣው ከሾቱ ይበልጣል። ፋሲል ግቢም ለሰርግ ቀረጻ ስትገባ ከሚመለከታቸው ጋር አስቀድመህ ተነጋገር፤ በሰርጉ ቀን በር ላይ ክርክር መጀመር ሙሽራዋን ያስለቅሳል።

ኤዲቲንግ ላይ ስትቀመጥ የምታመሰግነኝ አንድ ልማድ አለ። ከመነሳትህ በፊት ጥቂት ሰከንድ ቆመህ ቅረጽ፣ ካረፍክ በኋላም እንደዚያው። ያኔ አንዱን ሾት በሦስት መንገድ መጠቀም ትችላለህ፦ መነሻውን ብቻ፣ ጉዞውን፣ ማረፊያውን ብቻ። ከቆመ ወደ ቆመ መቁረጥ ሁሌም ይሠራል። እየሄደ ካለ ሾት ወደ ሌላ እየሄደ ያለ ስትቆርጥ አቅጣጫቸውና ፍጥነታቸው ይመሳሰል። ወደ ቀኝ ከሚሄድ ወዲያው ወደ ግራ ወደሚሄድ ከቆረጥክ ተመልካቹን በጥፊ መታኸው። የድሮ ቪዲዮህን ክፈትና ድምፁን አጥፍተህ እየው። ካሜራው ሳይቆም የተቆረጠውን ሁሉ ምልክት አድርግበት። ብዙ ይሆናል። አዘጋጁ «ይንከራተታል» ያለህ እነዚያን ነው።

ስላይደሩን በተመለከተ፣ አሁን አትግዛ። ስላይደር የሚሰጥህ አንድ ሜትር ያህል የጎን ጉዞ ነው፤ አንተ በጊምባልህ ያንን በደንብ ትሠራዋለህ። ሰዎች ካሜራ ማንቀሳቀስ የጀመሩት ስላይደር ሳይኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 የፊልም ፈር ቀዳጆቹ የፈረንሳዮቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች ካሜራማን የነበረው ፕሮሚዮ ቬኒስ ላይ ካሜራውን ጀልባ ላይ ጭኖ ነው እየሄደ የቀረጸው። ጀልባ ባይኖርህ ባጃጅ አለህ። አስፋልት ላይ፣ ትራፊኩ ቀለል ባለበት ሰዓት፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠህ በጎን በኩል ቅረጽ። ሹፌሩን ቀስ ብሎ ይንዳ በለው፤ በ50 ፍሬም ቀርጸህ ወደ 25 ስታወርደው መንገጫገጩም ይለሰልሳል። ኮብልስቶን ላይ ግን አትሞክረው።

ገንዘብ ካለህ በቅድሚያ ኤንዲ ፊልተር ግዛ። ቀጥሎ ፈሳሽ ጭንቅላት ያለው ትራይፖድ (ካሜራው የሚዞርበት ክፍል ውስጡ ባለ ፈሳሽ የሚለሰልስ)። በርካሹ ትራይፖድ ፓን ስትጀምር ይገፋሃል፣ ስታቆም ወደ ኋላ ይመልስሃል፤ ማረፊያህን የሚያበላሽብህ እሱ ነው። ሱቅ ውስጥ ስትመርጥ ካሜራህን ይዘህ ሂድ። ጫንበት፣ ቀስ ብለህ ወደ ጎን አዙረውና ድንገት እጅህን ልቀቅ። ባለበት ከቆመ ግዛው። ትንሽ እንኳ ወደ ኋላ ከተመለሰ ለባለሱቁ መልስለት።